አያቶቻችን ያዩትን አውሮፕላን እንዴት እንለይ?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። እንጀራዬ ጉርድ ፎቶ፣ የሰርግ አልበምና የተቀዳደደ አሮጌ ፎቶ መጠገን ነው። ሱሴ ግን የድሮ የጦር አውሮፕላን ነው። ውጭ አገር ሙዚየም ሄዶ ማየት ለኔ ቢጤው ሩቅ ነው። ጎጃም ላይ ግን ሌላ ዕድል አለ። አውሮፕላኑ ባይኖርም ያየው ሰው አለ፤ እሱም ካለፈ ከአፉ የሰማ ልጅ አለ። «የጣልያን አውሮፕላን መጣብን» የሚል ወሬ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። የትኛው አውሮፕላን? በደንብ ከጠየቃችሁ ብዙ ጊዜ ይታወቃል።

መጀመሪያ ስም አትጥሩ። «አያ፣ ካፕሮኒ ነበር?» ካላችሁ መልሱ «አዎ ልጄ» ነው። እንግዳ ማሳፈር ነውር ስለሆነ ብቻ። ይልቅ ዝም ብላችሁ አስወሯቸው፤ ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ ጥያቄ ጀምሩ። የሰው ሞት ያለበት ወሬ ከሆነ ደግሞ አውሮፕላኑን ተዉት፣ ሐዘኑን አዳምጡ። ሌላ ቀን አለ።

ዋናዎቹ ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፤ ሞተሩ ስንት ነበር፣ ክንፉ ከየት ወጣ፣ እግሩስ ተንጠልጥሎ ነበር ወይስ ተሰብስቧል?

ሦስት ሞተር፣ ክንፉ ከላይ፣ ጎማው ሁሌም ተንጠልጥሎ የሚታይ ከሆነ ካፕሮኒ 133 ነው። ጣልያን አርበኛውን ለማሳደድ በሰፊው የተጠቀመበት እሱን ነው። ቦምብም ይጥላል፣ ሰውና ስንቅም ያመላልሳል። ሦስት ሞተር ሆኖ ክንፉ ከታች፣ ጎማው ግን አሁንም የማይሰበሰብ ከሆነ ሳቮያ ማርኬቲ 81ን አስቡ። ሦስት ሞተር፣ ክንፉ ከታች፣ ጎማው የሚታጠፍ፣ ከአብራሪው ጀርባ ጉብ ያለ ነገር ያለበት ከሆነ ወንድሙ ሳቮያ ማርኬቲ 79 ነው። «ክንፉ ድርብ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ይገለባበጣል» ካሏችሁ የፊያት ተዋጊ ነው። ፊያት 32 ይሁን 42 ከዚህ ብቻ መለየት አይቻልም።

እኔ የምወደው ግን ዌልስሊን ነው። እንግሊዞች ከሱዳን እያስነሱ ያመጡት የነበረ ባለ አንድ ሞተር ቦምብ ጣይ ነው። ክንፉ ወደ 23 ሜትር ይጠጋል፣ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ርዝመቱ ግን 12 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ «ክንፉ በዝቶበት፣ ገላው አጥሮ» የሚል ወሬ ስትሰሙ ጆሯችሁን አቁሙ። ቦምቡን የሚይዘው ከክንፉ ስር በተንጠለጠሉ ሁለት ረጃጅም ሳጥኖች ነው። አጥንቱ እንደ ወንፊት የተጠላለፈ ብረት ሆኖ ሸራ የለበሰ ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. ከግብፅ ተነስቶ አውስትራሊያ ዳርዊን ድረስ ሳያርፍ በመብረር የርቀት ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። ዛሬ ሙሉ አካሉ የተረፈ ዌልስሊ የትም የለም። እንግዲህ በስሩ የቆሙ ሰዎች ትዝታ ምን ያህል ውድ እንደሆነ አስቡት።

የት ቆመው እንዳዩም ጠይቁ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ሆዱን ነው የሚያየው፤ ክንፉ ከላይ ይሁን ከታች ላይለይ ይችላል። ከአባይ በረሃ አፋፍ ላይ የነበረ ሰው ግን አውሮፕላኑ ከስሩ ሲያልፍ ጀርባውን ሊያይ ይችላል። የጮቄ ሰውም ፊት ለፊት ሊገጥመው ይችላል። በእኔ ሚዛን የደጋ አፋፍ ምስክር አንደኛ ነው።

ቀጥሎ ዘመኑን አጥብቡ። ዓመት አትጠይቁ፤ ጤፍ እየታጨደ ነበር? ዝናብ ነበር? ጾም ገብቷል? ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ከታወቁት ቀኖች ጋር አስተያዩት። ጣልያን ጎጃም የገባው 1928 ዓ.ም. ነው። ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት የገጠመው ሰኔ 1932 ነው። ስለዚህ በእነዚህ መሃል ጎጃም ላይ ቦምብ የጣለ አውሮፕላን የጣልያን ነው፤ እንግሊዝ የለበትም። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ ገብተው መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ደረሱ። በዚያ ሰሞን የሁለቱም ወገን አውሮፕላን ሰማዩ ላይ ስለነበር መጠንቀቅ ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው። ወረቀት የበተነ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ምን እንደነበር ጠይቁ። የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ካለበት የመጣው ከእንግሊዝ በኩል ነው።

ሁለት ሞተር ኖሮት፣ መሬት ላይ አፍንጫውን ቀና፣ ጭራውን ዝቅ አድርጎ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ዳኮታ ሊሆን ይችላል። ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ነው። አየር መንገዳችን በ1946 እ.ኤ.አ. በረራ የጀመረው ከአሜሪካ ጦር በተረፉ በነዚሁ ነው። የልጅነት ትዝታ ዳኮታን ከካፕሮኒ ጋር ማደባለቅ ይወዳል።

ለዚህ መድኃኒቱ ካርድ ነው። የአውሮፕላኖቹን ጥላ ምስል በጥቁር ቀለም ብቻ አትሙ፤ አንድ ከጎን፣ አንድ ከሆዱ። ስም አይጻፍበት። መሃሉ ላይ ከአርበኞቹ ዘመን በኋላ የመጡትን ዳኮታና ሚግ 21 ጨምሩ። የአርበኝነት ዘመኑን እያወሩ ሚግን የሚያነሱ ካሉ አትሳቁ፣ አታርሙም። መዝግቡና እለፉ። ለምስሉ ጥሩ ምንጭ የጣልያን አየር ኃይል ሙዚየም ነው፤ ሮም አጠገብ ቪኛ ዲ ቫሌ ይገኛል፤ ሳቮያ 79ም እዚያ አለ። እንግሊዝ አገር ለንደን የሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ደግሞ ፊያት 42 አለው።

ፎቶ ካገኛችሁ ጀርባውን አንብቡ። ጣልያኖች ከዓመቱ አጠገብ የሮማ ቁጥር ይጽፉ ነበር። የፋሽስት ዘመን ቁጥር ነው፤ 14 ካለ ከጥቅምት 1935 እስከ ጥቅምት 1936 እ.ኤ.አ. ያለው ጊዜ ነው። ጭራው ላይ ነጭ መስቀል ካለ ከ1940 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተነሳ ነው። ፎቶውን በአልኮል አትወልውሉ። መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ አስቀምጣችሁ በስልክ አንሱት፤ ፍላሽ ይጥፋ።

ብረት ግን አትንኩ። ማሳ ውስጥ የተገኘ ዝገት ሁሉ የአውሮፕላን ስብርባሪ አይደለም፤ ያልፈነዳ ቦምብ ሊሆን ይችላል። በመዶሻ ማንኳኳት፣ ለቁራሌ መሸጥ፣ ቤት ማምጣት የለም። ቦታውን ምልክት አድርጋችሁ ለፖሊስ ንገሩ።

ስለ ዛሬ አውሮፕላንም አትጠይቁ። አየር ማረፊያ አካባቢ ካሜራ አታውጡ። ከማያውቋችሁ ሰዎች ቀበሌ ስትሄዱ የሚያስተዋውቃችሁ የአገሬው ሰው ይኑር፤ የመጣችሁበትንም ገና ከደጅ ተናገሩ።

ድምፁን ስትቀዱ አስፈቅዱ። ፋይሉን በቀኑ፣ በመንደሩና «ራሱ አየ» ወይም «ሰማ» በሚል ቃል ሰይሙት። አንዱን ቅጂ ለቤተሰቡ በፍላሽ ስጡ፤ የልጅ ልጆቹ ሲሰሙት «ይኸማ አባባ ለእኛ የነገረን አይደለም» ብለው ሌላ ወሬ ይጨምሩላችኋል።