በዱባይ ክሪክ ጀልባ ላይ የጨዋታ ምሽት እንዴት ይሰናዳል?

በዱባይ የሚኖር ማኅበር፣ የሥራ ባልደረቦች ስብስብ ወይም ሰፋ ያለ ቤተሰብ አንድ ምሽት በክሪኩ፣ ማለትም ወደ ከተማው ውስጥ በሚዘልቀው የባሕር ውኃ፣ ላይ በእንጨት ጀልባ፣ ማለትም በዳው፣ ለማሳለፍ ሲነሳ ዕቅዱ አብዛኛውን ጊዜ በቡፌና በፎቶ ላይ ያበቃል። ሁለቱም የማይጠሉ ቢሆኑም፣ እርስ በርሱ እምብዛም የማይተዋወቅ ሃምሳ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ በየጠረጴዛው ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ ከሚወርድ ይልቅ ጨዋታ ቢያገናኘው ይሻላል። ለዚህም አዘጋጁ ጨዋታዎቹን ሲመርጥ ከእንግዶቹ እኩል ጀልባውን ማሰብ ይኖርበታል፤ ሳሎን ውስጥ ቤቱን በሳቅ የሚሞላ ጨዋታ፣ ነፋስ በሚመታውና የሞተር ድምፅ በማይለየው ወለል ላይ ከናካቴው ሊከሽፍ ይችላል።

የመጀመሪያው ውሳኔ ቀኑ ነው፤ ይህም ከሚመስለው በላይ አስቸጋሪ ነው። በዱባይ የሙቀት ወራት፣ ማለትም በአገራችን ክረምት አካባቢ፣ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣና ምሽቱም በእርጥበት ስለሚታፈን፣ የጀልባው ዋነኛ ማራኪ ነገር የሆነው ክፍቱ ላይኛው ወለል ሰው የማይቀመጥበት ይሆናል፤ ስለዚህ ለጀልባ የሚመቸው ወቅት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት ያለው ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ቀዝቃዛ ወቅት የጾም ወቅትም ነው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል፤ ዐቢይ ጾም ብዙ ጊዜ በየካቲት ይገባል፤ ረመዳንም በእነዚህ ዓመታት በዚሁ አካባቢ እየዋለ ነው። በተግባር ለሁሉም የሚስማማ ሆኖ የሚቀረው ከጾመ ነቢያት በፊት ያሉት ሳምንታትና ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለው አጭር ጊዜ ነው። በጾም ቀን ማድረግ ግድ ከሆነ፣ በጀልባዎቹ ቡፌ ላይ የሚቀርቡት የህንድና የዓረብ የአትክልት ምግቦች ቅቤና እርጎ ሊገባባቸው ስለሚችል፣ «አትክልት ብቻ» ብሎ ማዘዝ አይበቃም፤ ወተት፣ ቅቤ፣ እርጎና እንቁላል የሌለበት ምግብ እንደሚፈለግ ለይቶ መናገር ያስፈልጋል።

ዕለቱን በተመለከተ፣ የአገሪቱ መንግሥት ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሳምንቱን ዕረፍት ወደ ቅዳሜና እሑድ ያዛወረ ቢሆንም፣ በቤት ሠራተኝነት የተሰማሩ እህቶቻችን የዕረፍት ቀን እንደየአሠሪው ይለያያል፤ ብዙዎቹም በጊዜ መመለስ ይጠበቅባቸዋል። ቀኑን ከመቁረጥ በፊት እነርሱን መጠየቅ ተገቢ ነው። በመጥሪያው ላይም ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠርና በአገሩ አቆጣጠር ሁለቱም ቢጻፍ ይመረጣል፤ ለምሳሌ «ከምሽቱ 2:30፣ በዚህ አገር ሰዓት 8:30» ተብሎ። አዳራሽ ቢሆን ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ሾልኮ ይገባ ነበር፤ ጀልባ ግን አንዴ ከተነሳ ተነሳ ነው። ስለዚህ በመጥሪያው ላይ የሚሰፍረው ጀልባው የሚነሳበት ሳይሆን ከዚያ 45 ደቂቃ የሚቀድመው የመገናኛ ሰዓት መሆን አለበት።

ጀልባ በሁለት መንገድ ይገኛል። አንደኛው ከሌሎች መንገደኞች ጋር በሚጋሩት የምሽት ጉዞ ላይ ጠረጴዛዎች መያዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጀልባውን በሙሉ መከራየት ነው። በጋራ ጉዞ ላይ ጀልባው የራሱ ሙዚቃና ብዙ ጊዜም ቀሚሱን እያሽከረከረ የሚሾር የታኑራ ጨፋሪ ስለሚኖረው፣ ማይክ ይዞ ጨዋታ መምራት አይቻልም፤ በዚያ ሁኔታ የሚያዋጣው በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄድ ጨዋታ ብቻ ነው። ሰዉ ከሠላሳ በላይ ከሆነ መከራየቱን እመርጣለሁ። ቀብድ ከመክፈል በፊት ግን ጀልባው በፈቃዱ ላይ የተጻፈው የሰው ብዛት ስንት እንደሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የነፍስ አድን ጃኬት መኖሩን፣ የልጆች መጠን ያለውም ጭምር፣ ማይኩ በሁለቱም ወለል የሚሰማ መሆኑን፣ ነፋስ ቢበረታ ሰዉ ሁሉ መስታወትና አየር ማቀዝቀዣ ባለው ታችኛው ወለል መጠቃለል መቻሉን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ማግኘት ይገባል። ከተቻለም አስቀድሞ በቀን ሄዶ ጀልባውን ቆሞ እንዳለ ማየት፣ ማይኩንም መሞከር ከብዙ ጣጣ ያድናል። ጀበና፣ ከሰልና ዕጣን ይዤ ልምጣ የሚል ሰው ከየማኅበሩ አይጠፋም፤ በእንጨት ጀልባ ላይ ፍም መያዝ የማይታሰብ ስለሆነ ቡናው እቤት ተፈልቶ በፔርሙዝ ይምጣ፤ ፈንዲሻው ግን አይቅር።

ከጨዋታው ዝርዝር በፊት ገንዘብን የሚመለከት አንድ ነገር በግልጽ መቀመጥ አለበት። በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ያለ ፈቃድ የሚካሄድ ቁማር በሕግ የተከለከለ ነው፤ «ለቀልድ አምስት አምስት ድርሃም» ተብሎ የተጀመረ ካርታም ከዚያ ወሰን ውጭ ነው ብሎ መከራከር አያዛልቅም። እንዲሁም በአገራችን ልማድ ለታመመ ወገን መርጃ የቶምቦላ ትኬት መሸጥ በጎ ሥራ ቢሆንም፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገሪቱ የልገሳ ሕግ ገንዘብ ማሰባሰብን ፈቃድ ላላቸው ተቋማት ብቻ የተወ ስለሆነ በጀልባው ላይ ቆብ ማዞር አይገባም። የጨዋታው ካርድ ለሁሉም በነፃ ይታደል፤ የሽልማቱ ወጪ ከመዋጮው ውስጥ አስቀድሞ ይያዝ፤ ሽልማቱም ዕቃ ይሁን። የተቆላ ቡና፣ በርበሬ፣ ጀበና ወይም ነጠላ ከገንዘብ የበለጠ ሰው ሲያስደስት ይታያል።

ጀልባ ቤት እንዳልሆነ የሚያስታውሰው ዋናው ነገር ክብደት ነው። ክሪኩ ማዕበል የሌለበት ጸጥ ያለ ውኃ ስለሆነ እንግዶች እየተጓዙ መሆናቸውን እስከ መርሳት ይደርሳሉ፤ ይሁንና ሰው በብዛት ወደ አንድ ጎን ሲሰበሰብ ጀልባው ወደዚያው ያጋድላል፤ ሰዉ ያለው በላይኛው ወለል ላይ ከሆነ ደግሞ የክብደቱ ማዕከል ከፍ ስለሚል ማጋደሉ ይብሳል። በዚህ ምክንያት «እውነት ያለ በቀኝ፣ ሐሰት ያለ በግራ ይሰለፍ» የሚለው የታወቀ የጥያቄ ጨዋታ፣ የወንበር ሽሚያና ማንኛውም ሩጫ ያለበት ነገር ከዝርዝሩ መውጣት አለበት። ቡድኖች በየተቀመጡበት ሆነው እጅ ወይም ባለ ቀለም ወረቀት እያነሱ ቢመልሱ ያው ደስታ ይገኛል። ፎቶ ለማንሳት ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ጀልባው ጠርዝ እንዳይነሳም የመድረክ መሪው በተራ ቢጠራቸው መልካም ነው። ካፒቴኑ «ተቀመጡ» ካለ ጨዋታው የትም ይድረስ የት ይቆማል።

የመድረክ መሪው ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ከጨዋታው ምርጫ ያላነሰ ክብደት አለው። ቀልደኛ ሰው ሁሉ መሪ አይሆንም፤ የሚያስፈልገው ድምፁ ጥርት ያለ፣ አባቶችንና እናቶችን የማያሸማቅቅ፣ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው። ከጎኑ ውጤት የሚመዘግብና ሽልማት የሚያቀብል አንድ ረዳት ይኑረው፤ በሌላኛው ወለል ላይም ሌላ ረዳት። ቡድኖቹ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ቢይዙና አብረው የመጡ ሰዎች ተለያይተው ቢመደቡ መተዋወቁ ይቀላል፤ ውኃ ላይ ስለሆንም ጣና፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ ባሮ እያልን በአገራችን ሐይቆችና ወንዞች ብንሰይማቸው ያምራል።

አሁን ወደ ጨዋታዎቹ እንምጣ። ከሁለቱ ሰዓት ላይ ሰው እስኪደላደል የሚያልፈውንና የምግቡን ጊዜ ስንቀንስ ለጨዋታ የሚተርፈው ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም፤ ስለዚህ ሦስት ጨዋታ ይበቃል።

ለመክፈቻ እንቆቅልሽን የሚያክል የለም። መሪው «እንቆቅልሽ!» ሲል ጀልባው በሙሉ «ምን አውቅልህ!» ብሎ ስለሚመልስ፣ ወሬና ሞተር ያደነቆረው ሕዝብ በአንድ ቃል ጸጥ ይላል። መልሱ የጠፋበት ቡድን «አገር ስጠኝ» ሲባል አገር መስጠት አለበት፤ ጎንደርን ሰጠንህ፣ ሐረርን ሰጠንህ ሲባል ጠያቂው የተሰጠውን አገር እየገዛና ተሸናፊዎቹን እያቃለደ መልሱን ይገልጣል። ሁሉም ሰው ከልጅነቱ የሚያውቃቸውን ብቻ ከመደርደር ለምሽቱ የሚሆኑ አዳዲስ እንቆቅልሾች አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። ለምሳሌ፦ «ሌት ተቀን ሁለት መንደር ሲያገናኝ ይውላል፤ ዋጋው አንድ ድርሃም ነው።» መልሱ ከአጠገባችን ሽው ሲል የሚታየው፣ በክሪኩ ሁለት ዳርቻዎች ባሉት በዴራና በቡር ዱባይ መካከል ሰው የሚያሻግረው ትንሽ ጀልባ፣ አብራ፣ ነው። ልጆች በዚህ ጨዋታ አዋቂዎቹን ሲያሸንፉ ማየት የተለመደ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄና መልስ ሲሆን፣ ከመንገዱ ጋር ቢያያዝ ከአዳራሽ ጥያቄዎች ይለያል። ክሪኩ ትልልቅ ጀልባ እንዲያስገባ ከኩዌት በተገኘ ብድር የተጠረገውና ሥራው በ1961 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው በማን ዘመን ነው? (በሼክ ራሺድ ቢን ሰዒድ አል ማክቱም።) ሁለቱን ዳርቻዎች ያገናኘው የመጀመሪያው ድልድይ ማን ይባላል፣ መቼስ ተከፈተ? (አል ማክቱም፣ 1963።) በ2022 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ባለ ቅስቱ ድልድይስ? (ኢንፊኒቲ።) ከአገር ቤትም፣ የጣና ታንኳ ከምን ይሠራል (ከደንገል)፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው በየትኛው ከተማ ነው (በሮም፣ 1960) የሚሉትን ማፈራረቅ ይቻላል። ጀልባው በአል ፋሂዲ ሰፈር ሲያልፍ በአሮጌዎቹ ቤቶች ላይ የቆሙት የነፋስ ማማዎች ለምን እንደተሠሩ ቢጠየቅ መልሱ ከዓይን ፊት ነው፤ ነፋስ ይዘው ወደ ክፍሉ በማውረድ ቤቱን ያቀዘቅዙ ነበር። ጥያቄው ሁለት ጊዜ ይነበብ፤ መልሱ በትልቁ በወረቀት ተጽፎ ይነሳ፤ በጩኸት የሚሰጥ መልስ ጠብ ያመጣል። በየቡድኑም ስልኮች በአንድ ሣጥን ውስጥ ቢሰበሰቡ «ጎግል አደረገ» የሚለው ክርክር ይቀራል።

መዝጊያው ቢንጎ ይሁን፤ ዕውቀት ስለማይጠይቅ አያትና የልጅ ልጅ እኩል የሚሆኑበት ጨዋታ ነው። ከሁለቱ የታወቁ ዓይነቶች አንደኛው እስከ 75 የሚጠራና 5 በ5 ካርድ ያለው ሲሆን፣ ሌላው እስከ 90 የሚጠራና በሦስት ረድፍ 15 ቁጥር የያዘ ነው። ለጀልባ ሁለተኛውን አስቀድማለሁ፤ መጀመሪያ አንድ ረድፍ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ በመጨረሻ ሙሉ ካርድ እየተባለ በአንድ ዙር ሦስት አሸናፊ ስለሚያወጣ ጊዜ ቢያጥር እንኳ ባዶ እጁን የሚያልቅ ጨዋታ አይሆንም። አጠራሩ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በጫጫታ ውስጥ «አርባ» እና «ሰባ» በቀላሉ ይምታታሉ፤ ስለዚህ መሪው «ሰባ ሁለት» ካለ በኋላ «ሰባት፣ ሁለት» ብሎ በየአኃዙ ይድገመው፤ ረዳቱም የወጡትን ቁጥሮች በትልቅ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። «ቢንጎ!» ተብሎ ሲጮህ ካርዱ ከሰሌዳው ጋር ሳይመሳከር ማንም ካርዱን እንዳይቀድ ማሳሰብ ያስፈልጋል። ሁለት ሰው እኩል ቢጮህ ሽልማቱን ይካፈላሉ፤ ይህ ደንብ ከመጀመሩ በፊት ይነገር። ወረቀቱን ነፋስ እንዳይወስደው ለእያንዳንዱ ሰው መቆንጠጫ ያለው ሰሌዳ ወይም ቢያንስ የልብስ መቆንጠጫ ይታደል፤ ወደ ውኃው የሚበር ወረቀት ክሪኩንም ያቆሽሻል።

ማይክ የማይወዱ እንግዶች ሁልጊዜ አሉና በታችኛው ወለል ጸጥ ያለ ማዕዘን ይለይላቸው። ገበጣ ጠጠሩ በጉድጓድ ውስጥ ስለሚቀመጥ ጀልባው ቢነቀነቅም አይበተንም፤ አጨዋወቱ ግን እንደየአካባቢው ስለሚለያይ ተጫዋቾቹ አስቀድመው ይስማሙ። ዳማን በቆርኪ፣ የአንዱ ቀና የሌላው ተገልብጦ፣ መጫወት ይቻላል፤ ከሥሩ የማያንሸራትት የላስቲክ ምንጣፍ ከተነጠፈ ቆርኪው አይንሸራተትም። ካርታ ግን፣ በተለይ ኮንከር፣ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድና ወደ ገንዘብ ስለሚያዘነብል በዚህ ምሽት ባይገባ ይሻላል። በትንንሽ ፊደል ላይ አጎንብሶ መቆየት አንዳንድ ሰው ስለሚያጥወለውል፣ እንደዚያ የሆነ እንግዳ ጨዋታውን ትቶ ንጹሕ አየር ወዳለበት ወጥቶ የሩቁን ዳርቻ እንዲመለከት ይደረግ።

ሽልማቱ ጀልባው ወደ ዳርቻው ከመጠጋቱ ቢያንስ 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይጠናቀቅ፤ ሲቆም ሁሉም ስለሚነሳ የመጨረሻው ተሸላሚ ስም ሳይሰማ ይቀራል። የሰው ፊት ያለበትን ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማሰራጨት በአገሪቱ ሕግ የሚያስጠይቅ ስለሆነ፣ ምስሎቹ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ከመለጠፋቸው በፊት መጠየቅ ግዴታ ነው፤ አሠሪዋ እንዳያያት የምትፈልግ እህት ልትኖር እንደምትችልም አይዘነጋ። መውረጃው ላይ አንድ ሰው የወጡትን ከተሳፋሪዎች ዝርዝር ጋር እየቆጠረ ይቁም፤ ሌላው የተረሳ ስልክና የልጅ ጫማ ከየጠረጴዛው ሥር ይፈልግ። ሜትሮው እኩለ ሌሊት ገደማ ሥራ ስለሚያቆም፣ በዴራ በኩል የወረዱት ወደ ባኒያስ አደባባይ ጣቢያ በቡድን እንዲሄዱ ተደርጎ ታክሲ የሚያስፈልጋቸው ይለዩ፤ ቀሪው ሒሳብ ለጀልባው ኃላፊ ሲከፈልም ደረሰኙ ለማኅበሩ ሒሳብ ያዥ ይሰጥ።