ወንዝ ዳር ሲገነባ ሙሰሎችን የሚፈጁ ስህተቶች

የወንዝ ሙሰል በሁለት ዛጎል መሃል የሚኖር ለስላሳ እንስሳ ነው። ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል። ድልድይ ሲሠራ ወይም ቱቦ ሲቀበር ማንንም ትዝ የማይለውም ለዚህ ነው።

„ዳር ቆሜ አየሁ፣ ምንም የለም።“ ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይሄ ነው። ሙሰል አብዛኛው አካሉ አሸዋና ጠጠር ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚውለው። ከላይ ቢታይ ውሃ የሚያስገባበትና የሚያስወጣበት ጠባብ ክፍተት ነው። ቅዝቃዜ ሲመጣ ደግሞ የባሰ ጠልቆ ይገባል። ያኔ የተፈተሸ ወንዝ ባዶ ቢመስል አይግረማችሁ። ፍለጋው ውሃው ሞቅ፣ ጥርትና ጎደል ባለበት ወቅት፣ በሚያውቅ ሰው፣ ወለሉን በእጅ እየዳሰሱ መሆን አለበት። ያለ ፈቃድ መንካት የሚያስቀጣባቸው ዝርያዎችም ስላሉ፣ የፈቃዱ ወረቀት ኤክስካቫተሩ (መቆፈሪያ ማሽኑ) ሳይት ከመግባቱ በፊት ይጠናቀቅ።

„ሲረበሹ ይሸሻሉ“ የሚልም አለ። የሚሸሸው ዓሣ ነው። ሙሰል አንድ እግር ብቻ ነው ያለው፤ በእሷም የሚሳበው በጣም ቀስ ብሎ ነው። ወንዙ ተገድቦ ውሃው በፓምፕ ሲመጠጥ እዚያው ደርቆ ይቀራል። ውሃውን በአንዴ አታድርቁት። ቀስ እያለ ይጉደል፤ ሰዎችም እየተከተሉ ይልቀሙ።

የተለቀሙትን ማዛወር ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ባልዲ ውስጥ ከትቶ ፀሐይ ላይ መርሳት መግደል ነው። በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍነው፣ ጥላ ውስጥ፣ ቶሎ መድረስ አለባቸው። ከዳር ሆኖ መወርወርማ የባሰ ነው። እያንዳንዱ በእጅ፣ ውሃ የሚያስገባበት ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ ይተከል። ቦታው ከሥራው በላይ ባለው የወንዙ ክፍል ቢሆን ይመረጣል፤ ደለሉ አይከተላቸውም። ሌሎች ሙሰሎች ቀድመው የሚኖሩበት ከሆነ ደግሞ ቦታው እንደሚስማማቸው ምስክር አገኛችሁ ማለት ነው። ምልክት አድርጉባቸው፣ ቁጠሯቸው፣ በዓመቱ ተመልሳችሁ እዩ። ሳይቆጠር „አዛወርን“ ማለት ለሪፖርት ማሳመሪያ ካልሆነ ምንም አይጠቅምም።

ቁፋሮው ሩቅ ነው ብሎ መዘናጋትም ያው ነው። ሙሰል ምግቡንም ኦክስጅኑንም የሚያገኘው ውሃ እያጣራ ነው። ድፍርስ ሲመጣበት ዛጎሉን ይዘጋል፤ ተዘግቶ ግን ለዘላለም አይኖርም። የደለል ማገጃውን ጨርቅ ተክላችሁ አትርሱት፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር እዩት። የኮንክሪት ሚክሰር የታጠበበት ውሃ ደግሞ አልካሊነቱ ከባድ ስለሆነ አንድ ባልዲም ቢሆን ወንዝ አይግባ።

ከሌላ ወንዝ የመጣ ቦቲና ፓምፕ ታጥቦ፣ ደርቆ ይግባ። ዜብራ ሙሰል የሚባለው ወራሪ ነባሮቹ ዛጎል ላይ ተጣብቆ ያፍናቸዋል።

የቀረው ዓሣው ነው። የአብዛኞቹ ሙሰሎች እጭ የሚያድገው የዓሣ ስንጥብ ወይም ክንፍ ላይ ተጣብቆ ነው፤ አንዳንዱም የተወሰነ የዓሣ ዓይነት ካልሆነ አይሆንለትም። ወንዙ በመንገድ ሥር የሚያልፍበት ቱቦ አፍ ከወንዙ ወለል ከፍ ብሎ ከተሠራ ዓሣው ወደ ላይኛው ወንዝ መውጣት ያቅተዋል፣ ከላይ ያሉት ሙሰሎችም ልጅ አይተኩም። ከ100 ዓመት በላይ የሚኖሩ ዝርያዎች ስላሉ ወንዙ ለረጅም ጊዜ ደህና ይመስላል፤ ጠጋ ብሎ ላየው ግን ሽማግሌ ብቻ ነው። ቱቦውን ዝቅ አድርጎ መቅበር ዛሬ ቀላል ነው። አስፋልቱ ከለበሰ በኋላ ግን መንገዱን መልሶ መቁረጥ ነው።