ሚኒሞ የሚዋዥቅ ከሆነ፦ ሴንሰር ከመግዛት በፊት ቴስተር

ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ) ከፍ ዝቅ ካለ ወይም ነዳጅ ሲሰጡት አመንትቶ ዘሎ ከተነሳ፣ «የስሮትል ሴንሰሩን ቀይር» የሚል አይጠፋም። ስሮትል ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋ ክዳን ነው፤ ሴንሰሩ ምን ያህል እንደተከፈተ ለመኪናው ኮምፒውተር ይነግራል። ከመግዛታችሁ በፊት በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለኩት።

በገመድ የሚሳብ ስሮትል ላይ ያለው ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ 3 ሽቦ አለው። ቁልፉን አጥፍታችሁ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ፒኖቹ አረንጓዴ ዝገት ወይም ዘይት ከያዙ ጥፋቱ እዚያው ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ። በሶኬቱ በኩል አንዱ ሽቦ 5 ቮልት ገደማ መስጠት አለበት። ካልሰጠ ሴንሰሩ ምንም አላጠፋም፤ ሽቦው ተቆርጦ ይሆናል፣ ወይም ያንኑ 5 ቮልት የሚጋራ ሌላ ሴንሰር ሾርት አድርጎ ይሆናል። ሌሎቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ቮልቱ የሚመለስበትን ፈልጉ።

5 ቮልቱ ካለ ሶኬቱን መልሱና በቀጭን መርፌ ከኋላ የሲግናሉን ሽቦ (ስሮትሉ ሲከፈት ቮልቱ የሚቀየረውን) ንኩ። ስሮትሉ ሲዘጋ ከ0.5 እስከ 1 ቮልት፣ ሙሉ ሲከፈት ከ4 እስከ 4.5 አካባቢ ይሆናል። ቀስ ብላችሁ ክፈቱት፤ መሀል ላይ ድንገት ወደ ታች ከወረደ ውስጡ ተበልቷል፣ ያኔ ይቀየር። ይህችን ቅጽበታዊ ዝላይ ቁጥር ከሚያሳየው ቴስተር ይልቅ ባለ ቀስቱ አሮጌ ቴስተር ያሳያል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው ስሮትል ላይ ግን ቁልፉ ተከፍቶ ጣት እንዳታስገቡ፤ የስሮትሉ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ክዳኑን ድንገት ሊዘጋው ይችላል።