ያገለገለ የናፍጣ ፒክአፕ ለተሳቢ ሥራ እንዴት እንደሚመረጥ

ከባድ ፒክአፕ ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። ስንት የፈረስ ጉልበት አለው? ኩሚንስ ነው ወይስ ዱራማክስ? ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ተገልብጧል። እንዲህ ያለ መኪና ገዝቶ ጉልበት አነሰኝ ብሎ የተቆጨ ሰው ብዙም አላየሁም። የሚቆጨው ወይ መኪናው የማይችለውን ክብደት የጫነበት፣ ወይ የቀድሞው ባለቤት ያላወራረደውን ዕዳ የወረሰ ነው።

እዚህ የምናወራው ስለ ፎርድ ኤፍ-250 እና 350፣ ስለ ራም 2500 እና 3500፣ ስለ ሸቭሮሌ ሲልቨራዶና ጂ.ኤም.ሲ. ሲየራ 2500 እና 3500 ነው። የሚጎትቱት ከ2,500 ኪሎ በታች ከሆነና እሱም በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ከሆነ ግን ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ይተዉት። ያን ያህል ሥራ የቤንዚን መኪና ይሠራዋል፤ የናፍጣው ሞተር ጥገና ደግሞ ውድ ነው።

1. ተሳቢውን ይመዝኑ

መኪና ማየት ከመጀመርዎ በፊት ተሳቢውን እንደሚጓዝበት አድርገው ጭነው በምድር ሚዛን ያስመዝኑት። ባዶ ክብደቱን ወስዶ "ትንሽ ዕቃ ብቻ ነው የሚጨመርበት" ማለት አያዋጣም፤ ትንሹ ዕቃ ሁልጊዜ ከታሰበው በላይ ይመዝናል።

ቀጥሎ ከዚያ ክብደት ስንቱ በፒክአፑ ጀርባ ላይ እንደሚያርፍ ያስሉ። ከባምፐር በታች ባለው ኳስ የሚያያዝ ተሳቢ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን በመኪናው ላይ ይጥላል። በጭነት ሳጥኑ መሐል፣ ከኋላ አክስል በላይ የሚያያዘው ዓይነት ደግሞ ከ15 እስከ 25 በመቶ ይጥላል። 6,000 ኪሎ የሚመዝንና መሐል ላይ የሚያያዝ ተሳቢ 20 በመቶውን ቢያሳርፍ 1,200 ኪሎ ማለት ነው። አራት ሰውና ሻንጣቸው 350 ኪሎ፣ ማያያዣው ራሱ 80 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 1,630 ኪሎ ይደርሳል። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው ኪስዎ ውስጥ ያድርጉት፤ ከአሁን በኋላ የሚያዩት መኪና ሁሉ የሚለካው በእሱ ነው።

2. የበሩን ተለጣፊ ያንብቡ

የሹፌሩን በር ይክፈቱና በማዕቀፉ ላይ የተለጠፉትን ወረቀቶች ይመልከቱ። አንደኛው የተሳፋሪና የጭነት ድምር ከስንት እንዳይበልጥ ይናገራል። ይህ ቁጥር ለዚያው መኪና የተሰላ ስለሆነ ከማስታወቂያ ጽሑፍ ሁሉ ይበልጣል። በማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የመጎተት አቅም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቀለል ባለ ጋቢና፣ ያለ ተጨማሪ ዕቃና አንድ ሹፌር ብቻ ይዞ ነው።

ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደታቸው ከ10,000 ፓውንድ፣ ማለትም ከ4,536 ኪሎ በላይ በሆኑት መኪናዎች ላይ ይህ የጭነት ተለጣፊ ላይኖር ይችላል። ያን ጊዜ ከተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ላይ የመኪናውን ክብደት በሚዛን አስመዝነው ይቀንሱ። የኋላ አክስሉ የሚችለውንም ለብቻው ይመልከቱ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚደነግጡበት ነገር አለ። ሰፊ ጋቢና ያለው የናፍጣ 2500 ብዙ ጊዜ ለመሸከም የተፈቀደለት ከ900 እስከ 1,200 ኪሎ አካባቢ ነው፤ የናፍጣ ሞተሩ ከቤንዚኑ ስለሚከብድ የራሱን ድርሻ አስቀድሞ በልቷል። ከላይ ያሰላነው 1,630 ኪሎ በዚህ መኪና ላይ አይጫንም፤ ሞተሩ ግን ተሳቢውን ያለ ምንም ችግር ይጎትተዋል። ወጥመዱ ይህ ነው። መጎተት መቻሉ መሸከም የሚችል ያስመስለዋል፤ በኋላ የሚጎዱት ባሌስትራው፣ ጎማውና የኋላ ኩሽኔታው ናቸው። ለእንዲህ ያለው ተሳቢ 350 ወይም 3500፣ ከበድ ካለም ከኋላ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ጎማ ያለው ዓይነት ይፈለጋል።

የዲፈረንሻሉን ምጣኔም ይጠይቁ። 4.10 ከ3.73 ይልቅ ዳገት ላይ ይረዳል፤ ባዶውን ሲሄድ ግን ናፍጣ ይጨምራል።

3. ሞተሩን በዘመኑ ይለዩ

ስም ብቻ አይበቃም። አንዱ ስም በተለያየ ዘመን የተለያየ ሞተር ነው።

የፎርድ ፓወር ስትሮክ 7.3 ሊትር ከ1994 እስከ 2003 የተሠራ ሲሆን፣ ዝግ ያለና ጠንካራ በመባል ይታወቃል። ከ2003 እስከ 2007 የነበረው 6.0 ሊትር ግን በችግሩ የታወቀ ነው፤ ችግሩም በሰንሰለት የሚመጣ ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው በቆሻሻ ይደፈናል፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው የጭስ መላሽ ማቀዝቀዣ ውሃ ያጥረውና ይሰነጠቃል፤ ወደ ሲሊንደር የገባው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ግፊት ሲጨምር የቴስታታ ብሎኖቹ ይሳቡና ጓርኒሲዮኑ ይሄዳል። እንዲህ ያለ መኪና ከተገኘ በረጅም መንገድ ላይ እየነዱ በመመርመሪያ መሣሪያ የዘይቱንና የውሃውን ሙቀት ያነጻጽሩ። ዘይቱ ከውሃው ከ8 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከሞቀ ማቀዝቀዣው ተደፍኗል ማለት ነው። ከ2008 እስከ 2010 የተሠራውን 6.4 ሊትር እኔ ለማንም አልመክርም፤ ብዙውን ከባድ ጥገና ለመሥራት ጋቢናውን ከሻንሲው ላይ ማንሣት ይመረጣል፤ የሠራተኛውን ሰዓት ያስቡት። ከ2011 ጀምሮ ያለውን 6.7 ሊትር ፎርድ ራሱ የሠራው ሲሆን ከሁለቱ እጅግ የተሻለ ነው።

በሸቭሮሌና በጂ.ኤም.ሲ. 2500 እና 3500 ላይ የሚገጠሙት ዱራማክሶች ሁሉም 6.6 ሊትር ናቸው። የመጀመሪያው ከ2001 እስከ 2004 ያለው ነው፤ ኢንጄክተሮቹ ከቫልቭ ክዳን ሥር ስለተቀመጡ ሲያፈስሱ ናፍጣው ወደ ሞተር ዘይት ይገባል። የዘይቱ መጠን በመለኪያው ላይ ከፍ ብሎ ካገኙት ይጠርጥሩ። በ2006 እና በ2007 የተሠራው ኤል.ቢ.ዜድ. የሚባለው ዱራማክስ የጥላሸት ማጣሪያ ከመምጣቱ በፊት የነበረው የመጨረሻው በመሆኑ ዋጋው ሁልጊዜ ውድ ነው። እስከ 2019 ድረስ ከዱራማክስ ጋር የሚመጣው የአሊሰን ካምቢዮ ለጎታች የሚስማማ ነው።

የራም ኩሚንስ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደረለት ነው። እስከ 2007 አጋማሽ 5.9 ሊትር፣ ከዚያ በኋላ 6.7 ሊትር ሆኗል። ከ1998 አጋማሽ እስከ 2002 ባለው ላይ ዋናው የናፍጣ ፓምፕ የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በናፍጣ ስለሆነ፣ አቀባዩ ትንሽ ፓምፕ ሲደክም ዋናውን ይዞት ይሞታል። በዚያው ዘመን በሞተሩ ጎን 53 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ብሎክ የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። በ6.7 ሊትሩ ላይ ደግሞ የአየር ማሞቂያው ብሎን ተቃጥሎ ወደ ሲሊንደር ሊወድቅ ይችላል፤ መቀየሩን ባለቤቱን ይጠይቁ።

ሦስቱንም ያዳረሰ አንድ የናፍጣ ፓምፕ አለ፤ ቦሽ ሲ.ፒ.4 ይባላል። በፎርድ ከ2011 ጀምሮ፣ በዱራማክስ ከ2011 እስከ 2016፣ በኩሚንስ በ2019 እና በ2020 ተገጥሟል። የራሙ በጥሪ ተመልሶ እንዲቀየር ተደርጓል። ይህ ፓምፕ ሲበላሽ የብረት ብናኙን በኢንጄክተሮቹና በቱቦዎቹ ሁሉ ስለሚበትን የሚቀየረው ሙሉው የናፍጣ መስመር ነው። የናፍጣ ማጣሪያውን አስወልቀው ሥሩን በባትሪ መብራት ይዩት። የሚያብለጨልጭ ነገር ካዩ ሻጩን አመስግነው ይሂዱ።

4. ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሣ ይዩት

ከአንድ ቀን በፊት ለሻጩ ደውለው "እኔ እስክመጣ አታስነሣው" ይበሉት። ሲደርሱ ኮፈኑን አስከፍተው ሞተሩን በእጅዎ ይንኩት። እኔ አንድ ጊዜ ደርሼ ሞተሩ ለብ ብሎ አገኘሁት፤ ሻጩ "ጥላ ውስጥ ላቆመው ፈልጌ ነው" አለኝ። መኪናው የቆመው ፀሐይ ላይ ነበር። ሌላ ምንም ሳልጠይቅ ተመለስኩ።

ሳይነሣ የማቀዝቀዣውን ውሃ ይመልከቱ፤ በላዩ የዘይት ቅባት መንሳፈፍ የለበትም። ሌሊቱን ያደረ ሞተር የራዲያተር ቱቦው ለስላሳ መሆን አለበት። ግፊት ይዞ ካደረ የቴስታታው ጉዳይ ነው። ዘይቱ መጥቆሩ አያስደንግጥዎ፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ ማግስት ይጠቁራል።

ሲነሣ ለጥቂት ሴኮንድ ነጭ ጭስ ቢታይ ምንም አይደለም። ነጩ ካልጠፋና ጣፋጭ ሽታ ካለው ውሃ ይቃጠላል፤ የሚሸተው ጥሬ ናፍጣ ከሆነ ኢንጄክተር ወይም የደከመ ሲሊንደር ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው ገልብጠው ቀዳዳው ላይ ያስቀምጡት። ትንሽ ተን መውጣቱ ያለ ነው፤ ክዳኑ እየዘለለ ከወደቀ ግን የፒስተን ፋሻው አልቋል።

5. ኪሎ ሜትሩን ለሰዓቱ ያካፍሉት

ብዙዎቹ መኪናዎች ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ በዳሽቦርዱ ወይም በመመርመሪያ መሣሪያ ያሳያሉ። 200,000 ኪሎ ሜትር በ4,000 ሰዓት የሄደ መኪና አማካይ ፍጥነቱ 50 ኪሎ ሜትር ነው፤ በረጅም መንገድ የኖረ ነው። ያንኑ ያህል በ10,000 ሰዓት ከሄደ አማካዩ 20 ነው፤ ዕድሜውን ቆሞ ሲያጓራ የኖረ ማለት ነው። የናፍጣ ሞተር ቆሞ መሥራት አይወድም፤ ጥላሸት ያጠራቅማል፣ ማጣሪያውን ይደፍናል። ሁለቱ መኪናዎች በገበያ ላይ ዋጋቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን አንድ አይደሉም።

መሣሪያው ከተሰካ አይቀር የቅርብ ጊዜ ስህተቶች ተሰርዘው እንደሆነ ይመልከቱ። የራስ ምርመራዎቹ "አልተጠናቀቀም" የሚሉ ከሆነ አንድ ሰው ትናንት የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቱን አጥፍቷል።

6. ከሥሩ ይግቡ

ከ2007 ወዲህ በአሜሪካ ለተሸጡት የጥላሸት ማጣሪያ ተገጥሞላቸዋል፤ ከ2010 በኋላ ደግሞ ጭሱን የሚያጸዳው አድብሉ የሚባለው ፈሳሽ ተጨምሯል፤ ራም ብቻ እስከ 2013 ዘግይቷል። እነዚህን ነቅሎ የሚሸጥ ሰው ብዙ ነው፤ "አሻሽዬዋለሁ" ይልዎታል። በአሜሪካ ሕግ ክልክል ነው፤ በብዙ ቦታም ምርመራ አያልፍም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ጣትዎን በጭስ መውጫው ውስጥ ይክተቱ። ማጣሪያው በቦታው ካለ ጣትዎ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ጥላሸት ከያዘ ማጣሪያው የለም ወይም ተሰንጥቋል።

ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያድርጉት፤ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማል። የፍሬን ቱቦዎቹን፣ የባሌስትራ ማንጠልጠያዎቹንና ጋቢናው የተቀመጠባቸውን ቦታዎች ይመልከቱ። አዲስ ጥቁር ቀለም ሥሩን ከሸፈነው ምን እንደሸፈነ ይጠይቁ።

በአራቱም ጎማ የሚነዱት ፎርድና ራም በአብዛኛው ከፊት ሙሉ አክስል ስላላቸው፣ ቴስቲናዎቻቸው ሲያልቁ ጉድጓድ ላይ ሲያርፉ መሪው በኃይል ይንቀጠቀጣል። አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ ሲያወዛውዝ ከሥር ሆነው ልልነት ይፈልጉ። በጎማው ጎን ላይ DOT ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ያመለክታሉ፤ 2319 ከሆነ በ2019 በሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

7. ጭነው ይንዱት

ባዶውን መንዳት ምንም አይነግርዎትም። ተሳቢዎን ይዘው ይሂዱና ዳገት ያስወጡት። የካምቢዮውን ሙቀት ይከታተሉ፤ ማርሽ ሲቀይር መንሸራተት ወይም መዘግየት አይገባውም። ቁልቁለት ላይ በሞተር ፍሬን ይሞክሩት። የተሳቢው ፍሬን መቆጣጠሪያና የሰባቱ ገመድ መሰኪያ መሥራታቸውን እዚያው ያረጋግጡ።

ከገዙ በኋላ ዘይቱን፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ፈሳሾቹን፣ ማጣሪያዎቹን በሙሉ ይቀይሩ። ከዚያ ጭነውና ተሳቢውን አያይዘው ወደ ምድር ሚዛን ይመለሱ፤ የፊቱንና የኋላውን አክስል ለየብቻ ያስመዝኑ። የኋላው ከተፈቀደው ካለፈ በተሳቢው ላይ ያለውን ጭነት ትንሽ ወደ ኋላ ይግፉት። ነገር ግን ኳስ ላይ የሚያርፈው ከ10 በመቶ በታች ከወረደ ተሳቢው በፍጥነት ጊዜ እንደ ጅራት መወዛወዝ ስለሚጀምር፣ ያን ጊዜ የሚወርደው ዕቃ ነው።