ባለ ረጅም ዙም ፈጣን ካሜራ፦ አቅሙን እንዴት እንደምትጠቀሙበት፣ ድክመቱን እንዴት እንደምታልፉት

ካሜራውን ለሚያየው ሰው ሁሉን የሚችል ይመስላል። ሌንስ መቀያየር የለ፣ ቦርሳ ሙሉ ዕቃ መሸከም የለ። ዙሙ ሩቅ ቅርንጫፍ ላይ ያለችን ወፍ ፊታችሁ ድረስ ያመጣታል፣ በሰከንድ ውስጥ ደርዘን ፎቶ ያነሳል፣ ዓይን ሊከተለው የማይችለውን እንቅስቃሴ ደግሞ አዘግይቶ፣ በስሎው ሞሽን፣ ያሳያችኋል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ውሸት አይደለም። ያልተጻፈው ነገር ግን ዙሙም ፍጥነቱም ብርሃን በልተው የሚኖሩ መሆናቸው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስትጠቀሙ ደግሞ እጥፍ ይበላሉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው።

1. መጀመሪያ ቁጥሮቹን በጥርጣሬ አንብቡ

"12 ኤክስ"፣ "125 ኤክስ" የሚለው ቁጥር የሌንሱ ረጅሙ ልክ ለአጭሩ ሲካፈል የሚገኝ ነው እንጂ ምን ያህል ሩቅ እንደሚያይ ብቻውን አይናገርም። በ2008 የወጣውን ካሲዮ ኢኤክስ-ኤፍ1 ውሰዱ። 12 ኤክስ ነው፣ ከ36 እስከ 432 ሚሊ ሜትር። ያው 12 ኤክስ ከ24 ቢነሳ ኖሮ የሚያልቀው 288 ላይ ነበር። ስለዚህ ሚሊ ሜትሩን እዩ፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሌንሱ ሩቁን አቅርቦ ያሳያል።

ፍጥነቱም እንደዚሁ ነው። ይኸው ካሲዮ በሰከንድ 60 ፎቶ ያነሳል፣ እያንዳንዳቸው 6 ሜጋፒክስል። ለጊዜው ጉድ ነበር። ግን በአንድ ጊዜ የሚይዘው 60 ፎቶ ነው፤ ከአንዷ ሰከንድ በኋላ አለቀ። ቪዲዮው በሰከንድ 1200 ፍሬም (ቪዲዮው የሚሠራበት አንድ አንድ ምስል) ይደርሳል ይባላል፣ ይደርሳልም፣ ነገር ግን ምስሉ 336 በ96 ፒክስል የሆነ ቀጭን ሪባን ነው። ትንሽ ደህና የሚባል ምስል የሚሰጠው ወደ 300 ፍሬም ስትወርዱ ነው፤ እሱም ቢሆን 512 በ384 ነው። በ2018 የወጣው ኒኮን ፒ1000 ደግሞ 3000 ሚሊ ሜትር ድረስ ይሄዳል፣ ጨረቃን ስክሪኑን ሞልታ ታዩበታላችሁ፣ ግን በሰከንድ 7 ፎቶ አንስቶ 7ኛው ላይ ያቆማል።

እናም "በሰከንድ ይህን ያህል" ሲሏችሁ ሦስት ጥያቄ አስከትሉ። በስንት ፒክስል? ለስንት ሰከንድ? ፎከሱስ እየተከተለ ነው ወይስ መጀመሪያው ፎቶ ላይ ተቆልፎ ቀርቷል? ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ወደ እናንተ የሚሮጥን ልጅ ፎከሱ በተቆለፈ ካሜራ ስታነሱት የመጀመሪያዋ ፎቶ ጥርት ትልና የቀሩት ብዥ ብለው ይወጣሉ። በ2017 የወጣው ሶኒ አርኤክስ10 ማርክ 4 ስሙ የተነሳው በሰከንድ 24 ፎቶ ሲያነሳ ፎከሱንም አብሮ ስለሚያስኬድ ነው።

2. የብርሃኑን ሒሳብ ሥሩ

አይዟችሁ፣ ከባድ አይደለም። በሰከንድ 1200 ፍሬም የሚቀዳ ካሜራ ለአንዱ ፍሬም ቢበዛ አንድ 1200ኛ ሰከንድ ነው ያለው። በተለመደው አንድ 60ኛ ሰከንድ ከሚያነሱት ፎቶ ጋር ሲተያይ ብርሃኑ አንድ ሃያኛ ብቻ ነው። ዙሙን ጨምሩበት። ፒ1000 ሰፊው ላይ፣ ማለትም ዙሙ ሳይጨመር፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 2.8 ነው፣ ዙሙ ጫፍ ላይ ኤፍ 8 ይሆናል (የኤፍ ቁጥር ሲጨምር የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል)፤ ይህ ማለት ብርሃኑ ወደ አንድ ስምንተኛ ወረደ ማለት ነው።

ሴንሰሩም፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል፣ ትንሽ ነው። የአብዛኞቹ ባለ ረጅም ዙም ካሜራዎች ሴንሰር ስፋቱ ወደ 28 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን ፉል ፍሬም የሚባለው ባለ ትልቅ ሴንሰር ካሜራ ግን 864 ነው። ሠላሳ እጥፍ! ከዚህ ተለቅ ያለ ሴንሰር ያለው ባለ ረጅም ዙም ካሜራ ከፈለጋችሁ አለ፤ ሶኒው 116 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ባለ 1 ኢንች ሴንሰር አለው። ግን ዙሙ 600 ላይ ይቆማል፣ ክብደቱም ከአንድ ኪሎ ያልፋል። ኪስ ውስጥ የሚገባ አይደለም።

በተግባር እንዲህ አድርጉት። ፀሐይ ላይ ከሆናችሁ ዙሙንም ፍጥነቱንም እንደልባችሁ። ሰማዩ ከደመነ ከሁለቱ አንዱን ቀንሱ። ቤት ውስጥ ወይም ሲመሽ ዙሙን ወደ ሰፊው መልሱና በእግራችሁ ተጠጉ፣ ስሎው ሞሽኑንም እርሱት።

የቤት ውስጥ መብራት ሌላም ጣጣ አለው። ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ ከሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ። ዓይናችን አያየውም፣ ፈጣኑ ካሜራ ግን ያየዋል፤ ቪዲዮው ሲከፈት ብልጭ ድርግም ይላል። መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን መቅዳት ይሻላል።

3. ቅንብሩን አስተካክሉ

አውቶውን ተዉት። የሹተር ፍጥነቱን፣ ማለትም ካሜራው ለአንድ ፎቶ ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ ራሳችሁ የምትመርጡበትን ሁነታ ያዙ፤ አብዛኞቹ ካሜራዎች ላይ "ኤስ" ተብሎ ተጽፏል። ለሚበር ወፍ ከአንድ 1000ኛ እስከ አንድ 2000ኛ ሰከንድ፣ ለሚሮጥ ሰው አንድ 500ኛ ጥሩ መነሻ ነው። አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን ሲያንስ ምስሉን የሚያደምቅበትን ልክ) አውቶ አድርጉት ግን ጣሪያ ስጡት፤ በትንሽ ሴንሰር ከ800 ሲያልፍ ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ዲጂታል ዙሙን ደግሞ አጥፉት። እሱ ፎቶውን ቆርጦ ከማጉላት ሌላ ምንም አይሠራም፤ ያንን ኋላ ኮምፒውተር ላይም ታደርጉታላችሁ።

የምስል ማረጋጊያው የእጃችሁን መንቀጥቀጥ እንጂ የወፏን እንቅስቃሴ አያቆምም። ይህን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።

4. ሩቁን ነገር መፈለግ

ዙሙን ጫፍ አድርሳችሁ ሰማይ ላይ ወፍ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ሰፊው ላይ ጀምሩ፣ ወፏን መሐል አድርጉ፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ግቡ። አንዳንድ ካሜራ ስትጫኑት ዙሙን ለአፍታ ወደ ሰፊው የሚመልስ ቁልፍ ሌንሱ ጎን ላይ አለው፤ ካላችሁ ተለማመዱት። ክርናችሁን ደረታችሁ ላይ አስደግፉ፣ በስክሪኑ ሳይሆን በዓይን መመልከቻው እዩ። ቀትር ላይ ከሞቀ መሬት በላይ ሩቅ ነገር ስታነሱ ምስሉ የሚንቀጠቀጠው ከአየሩ ነው። ያንን የትኛውም ሌንስ አያስተካክለውም፣ ቀረብ ማለት ወይም ማለዳ መሄድ ብቻ ነው።

5. ፍጥነቱን በሚገባው ቦታ ተጠቀሙ

ለእኔ የነዚህ ካሜራዎች ትልቁ ጥንካሬ የፎቶው ብዛት ሳይሆን ቀድሞ መቅዳት የሚባለው ነው። ቁልፉን በግማሽ ስትጫኑ ካሜራው ዝም ብሎ እያነሳ በጊዜያዊ ማኅደሩ ያሽከረክራል፣ ሙሉ ስትጫኑ ከመጫናችሁ በፊት የነበረውንም አብሮ ያስቀምጣል። ሰው አይቶ እስኪጫን የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይወስድበታል፤ ወፏ በዚያች ቅጽበት ሄዳለች። ቀድሞ በሚቀዳ ካሜራ ግን ከተነሳች በኋላ ብትጫኑም ክንፏን ስትዘረጋ ታገኟታላችሁ። ይህን በመደበኛ ካሜራ በዕድል ካልሆነ አታገኙትም።

ስሎው ሞሽን ስትቀዱ ፎከሱን አስቀድማችሁ ያዙ፤ በብዙዎቹ ላይ ቀረጻው ከተጀመረ በኋላ ፎከሱም ዙሙም አይንቀሳቀስም፣ ድምፅም የለም። አጭር አድርጋችሁ ቅዱ። በ300 ፍሬም የተቀዳ አንድ ሰከንድ በተለመደው 30 ፍሬም ሲታይ 10 ሰከንድ ነው፣ በ1200 ከሆነ 40 ሰከንድ። ውሻ ሲራገፍ፣ ውሃ ሲረጭ ደስ ይላል። ሰው ሲራመድ ለ40 ሰከንድ የሚያይላችሁ ግን የለም።

6. ከመክፈላችሁ በፊት

ካሜራውን እጃችሁ ውስጥ አስገቡና ጨለም ወዳለ ጥግ አዙሩት። ዙሙን ጫፍ አድርሱ፣ ፎከስ እስኪይዝ ስንት ጊዜ ወዲያ ወዲህ እንደሚል እዩ። በሙሉ ፍጥነት አንድ ጊዜ አንሱና ካርዱ ላይ ጽፎ እስኪጨርስ ቁጠሩ፤ አንዳንዱ ያን ሁሉ ጊዜ ሌላ ፎቶ አያነሳላችሁም። ፈጣን ካርድ፣ ለምሳሌ ቪ30 የሚል የፍጥነት ምልክት ያለበት፣ ጥበቃውን ሊያሳጥረው ይችላል፣ በአንድ ጊዜ የሚያዘውን የፎቶ ብዛት ግን ብዙም አይጨምረውም።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት ደግሞ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ ዙሙን ጨምራችሁ አንሱና ጥቁር ነጥብ ፈልጉ። ሌንሱ ሲወጣና ሲገባ አየርና አቧራ ይስባል፣ ስለማይነቀል ደግሞ ሴንሰሩን ቤት ውስጥ ማጽዳት አይቻልም። ነጥብ ካያችሁ ወይ ዋጋውን አስቀንሱ ወይ ተዉት።