ጤናማ ምጥን በትዕግሥት መደገፍ፦ አዋላጅ ባለሙያዎችን ለሚያሠለጥኑ የተዘጋጀ መመሪያ

ለአዋላጅ ባለሙያዎች የሚሰጡ የሥራ ላይ ሥልጠናዎች አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚያውሉት በወሊድ ደም መፍሰስ፣ በእርግዝና ደም ግፊትና በታፈነ ሕፃን ላይ ነው። እናትንና ልጅን የሚቀጥፉት እነዚህ በመሆናቸው ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ማዋለጃ ክፍል የሚገቡት አብዛኞቹ እናቶች ምጣቸው ጤናማ ነው፤ ጤናማ ምጥን መደገፍ ያልተማረ ባለሙያ ደግሞ ያለ ምክንያት የምጥ ማፋጠኛ ይሰጣል፣ ያለ ምክንያት በመቀስ ይቀድዳል፣ ሆድ ይጫናል። ስለዚህ አሠልጣኙ ከሁሉ በፊት ማስተማር ያለበት ዓይንና ጆሮ ሳያርፉ እጅ እንዴት እንደሚታገሥ ነው።

ሥልጠናውን ከመጀመርዎ በፊት በማዋለጃ ክፍሉ ቢያንስ አንድ የቀንና አንድ የሌሊት ተረኝነት ተቀምጠው ይመልከቱ። ስንቷ እናት ከጎኗ ሰው ነበራት? ስንቷ ውኃ ጠጣች፣ ስንቷስ ተነሥታ ተራመደች? የማህፀን በር ምርመራ ለአንዲት እናት ስንት ጊዜ ተደረገ? የእናቲቱንም ሆነ የባለሙያውን ስም ሳይጽፉ ቁጥሩን ብቻ ይመዝግቡ፤ በመጀመሪያው ቀን ሠልጣኞች ፊት የሚያቀርቡትም ይህንኑ ይሁን። ባለሙያ በራሱ ክፍል የተቆጠረን ነገር ከየትኛውም ስላይድ ይልቅ ያምናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ከሁሉም የሚከብደው ትምህርት ነው፤ ነባር ባለሙያዎች ለዓመታት የሠሩበትን ዕውቀት እንዲተዉ የሚጠይቅ ነውና። ብዙዎቹ የተማሩት ዋናው ምጥ የማህፀን በር 4 ሳንቲ ሜትር ሲከፈት እንደሚጀምርና ከዚያም በየሰዓቱ 1 ሳንቲ ሜትር መከፈት እንዳለበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ግን መነሻው 5 ሳንቲ ሜትር ሆኗል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለመጀመሪያ ወላድ እስከ 12 ሰዓት፣ ወልዳ ለምታውቅ እስከ 10 ሰዓት ሊወስድ እንደሚችልም ተገልጿል። ይህን በንግግር ብቻ አያስተምሩ። አንድ ታሪክ ይስጧቸው፦ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት ከሌሊቱ 8 ሰዓት በ4 ሳንቲ ሜትር መጣች፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ምን ታደርጋላችሁ? ከመካከላቸው ማፋጠኛ ወይም ሪፈር የሚል አይጠፋም። ያን ጊዜ የፅንሱን የልብ ምት፣ የምጡን ጥንካሬ፣ የጭንቅላቱን አወራረድና የእናቲቱን ሁኔታ አንድ በአንድ ይጠይቋቸው። ሁሉም ደኅና ከሆነ መልሱ ምግብ፣ እንቅስቃሴ፣ ማበረታቻና ክትትል ነው።

መታገሥ ማለት ትቶ መሄድ እንዳልሆነ ደጋግመው ያስረዱ። የፅንስ የልብ ምት በዋናው ምጥ ቢያንስ በየ30 ደቂቃው፣ በማማጥ ጊዜ በየ5 ደቂቃው ይደመጣል፤ በደቂቃ ከ110 በታች ወይም 160ና ከዚያ በላይ ከሆነ ጤናማ ነው ተብሎ አይታለፍም። የማህፀን በር በየ4 ሰዓቱ ይመረመራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ፓርቶግራፍን (የቀድሞውን የምጥ ሂደት መመዝገቢያ ግራፍ) እንዲተካ የወጣው የምጥ መከታተያ ቅጽ፣ የማህፀን በር ሳይጨምር በአንድ ሳንቲ ሜትር ላይ ለሚቆይበት ጊዜ ለእያንዳንዱ የራሱን ገደብ ይሰጣል፦ በ5 ላይ 6 ሰዓት፣ በ6 ላይ 5 ሰዓት፣ በ7 ላይ 3 ሰዓት፣ በ8 ላይ 2 ሰዓት ተኩል፣ በ9 ላይ 2 ሰዓት። ሠልጣኞች እነዚህን ገደቦች በቃላቸው ይያዙ፤ ትዕግሥት የሚያበቃበትን ያላወቀ ባለሙያ ትዕግሥቱም አደጋ ነው።

ለአቀማመጥ ትምህርት ሰፊ ጊዜ ይስጡ። እያንዳንዱ ሠልጣኝ በማዋለጃ አልጋው ላይ እግሩን አንሥቶ በጀርባው ለ10 ደቂቃ ይተኛ፤ ከዚያም ተንበርክኮና በጎኑ ተኝቶ ልዩነቱን በራሱ ገላ ይወቀው። በብዙ የገጠር አካባቢ እናቶቻችን ተንበርክከው ይወልዱ ነበር፤ ስለዚህ ለእናቲቱ አዲስ ነገር አይደለም፣ አዲስ የሚሆነው ለባለሙያው ነው። በተንበረከከች ወይም በእጅና በጉልበቷ በቆመች እናት ላይ ልጁ የሚወጣበት አቅጣጫ ለዓይን ስለሚገለበጥ፣ በማስተማሪያ አሻንጉሊት ደጋግመው እጃቸውን ያለማምዱ።

ንግግርም ልምምድ ይፈልጋል። «ስታረግዢ አላመመሽም ነበር?» የሚለው ቃል በማዋለጃ ክፍሎቻችን እስከ ዛሬ ይሰማል፤ ይህን የሰማች እናት ለሁለተኛ ልጇ ላትመለስ ትችላለች። ሠልጣኞች በየተራ እናት፣ አማትና አዋላጅ ሆነው ይተውኑ። አዋላጁ ስሟን ይጠይቅ፣ የሚያደርገውን አስቀድሞ ይንገራት፤ አብራት የመጣችው አማት ወይም እናት «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብላ ብቻ እንድትወጣ ሳይሆን ወገቧን እንድታሽና ውኃ እንድታቀርብላት ያሳያት። ገንፎና ቡና የሚያዘጋጁ ጤና ጣቢያዎች የጀመሩት መልካም ነገር በምጡም ሰዓት ይቀጥል።

በወሊዱ ሰዓት አንድ ነገር ሠልጣኞችን ያምታታል። እጃችሁን ሰብስቡ ሲባሉ የሰሙት፣ ማህፀንን የሚያኮማትረው መድኃኒት ኦክሲቶሲንም ከወሊድ በኋላ ይቅር የተባለ ይመስላቸዋል። ልዩነቱን አጥርተው ይንገሯቸው፤ ያው መድኃኒት ከወሊድ በፊት ያለ በቂ ምክንያት ሲሰጥ ፅንሱን ሊያፍን ይችላል፣ ሕፃኑ እንደተወለደና ሌላ ፅንስ አለመኖሩ እንደተረጋገጠ ግን 10 ዩኒት ለእያንዳንዷ እናት ይሰጣል። እትብት ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቆይቶ ይታሰራል፤ የሚያለቅስ ሕፃን በእናቱ ደረት ላይ ለአንድ ሰዓት ይቆያል፤ ገላ መታጠቡ ለ24 ሰዓት ይዘገያል።

ሥልጠናው ካበቃ በኋላ በየሳምንቱ በተረኛ ርክክብ ላይ የ15 ደቂቃ ልምምድ ያዘጋጁ፤ በአንደኛውና በሦስተኛው ወርም ተመልሰው የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች እንደገና ይቁጠሩ። አጃቢ አሁንም ውጭ የሚቆመው በአልጋዎቹ መካከል መጋረጃ ስለሌለ ከሆነ ጥፋቱ የሠልጣኙ አይደለም፤ የመጋረጃውን ጥያቄ ለተቋሙ ኃላፊ በጽሑፍ የሚያቀርበው አሠልጣኙ ነው።