ለሕፃን ልጅ ምን ያህል እንርዳው?

የ3 ዓመት ልጅ ከሹራቡ ዚፕ ጋር ሲታገል ያየ አዋቂ፣ በተለይ የመውጫ ሰዓት ከረፈደበት፣ ፈጥኖ ቢዘጋለት አይፈረድበትም። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ግን ልጁ የሚለምደው ዚፕ መዝጋትን ሳይሆን ቆሞ መጠበቅን ነው። ስለዚህ ከቤት መውጫው ጥቂት ደቂቃ አስቀድሞ ልብስ ማልበስ መጀመር ከሁሉ የሚቀድም ዝግጅት ነው፤ በጥድፊያ መካከል ማንም ልጅ አይማርም።

ዚፕ መዝጋት ለአዋቂ አንድ ሥራ ይምሰል እንጂ ለልጅ ሦስት ነው፤ ጫፉን ከማያያዣው ማስገባት፣ በአንድ እጅ የልብሱን ታች ወጥሮ መያዝና በሌላው እጅ ወደ ላይ መሳብ። ከባዱ የመጀመሪያው ስለሆነ አዋቂው ጫፉን አስገብቶ እስከ ደረቱ ከሳበለት በኋላ የቀረውን ለልጁ ይተውለት፤ እንዲህ ሲሆን ሥራውን የሚፈጽመው ልጁ ራሱ ይሆናል። ይህን ሲለምድ ከወገቡ፣ ቆየት ብሎም ከታች ጀምሮ እንዲስብ ይደረጋል፤ ጫፉን ማስገባት በመጨረሻ ይመጣል። ካልሲም ቢሆን ተረከዙን እስኪያልፍ ድረስ አግዞ የቀረውን ለእሱ መተው ይቻላል። ልጅ ብቻውን በሚችለውና በሰው እገዛ በሚችለው መካከል ያለውን ርቀት የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ (1896–1934 እ.ኤ.አ.) የመማር ዋና ስፍራ አድርጎ አይቶታል፤ እገዛው ማረፍ ያለበትም እዚያ ላይ ነው።

በንግግርም እንዲሁ ነው። ልጅቷን ጥያቄ ጠይቀን ወዲያው ራሳችን ከመመለስ፣ በልባችን እስከ አሥር ቆጥረን ብንጠብቃት አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ከእሷ ይመጣል። ሲሳካላት «ጎበዝ» ብቻ ከማለት «ታቹን አጥብቀሽ ስለያዝሽው ተዘጋልሽ» ብንላት በሚቀጥለው ቀን የምትደግመውን ታውቃለች።

ምርጫ ስንሰጥ ሁለት ይበቃል፤ ሁለቱንም ልንቀበል የተዘጋጀንባቸው ይሁኑ። መንገድ መሻገር፣ እሳትና መድኃኒት ግን ለምርጫ አይቀርቡም።

ውኃ መቅዳት ሲለማመዱ ትንሽ ማሰሮ በግማሽ ሞልቶ መስጠት፣ መወልወያ ጨርቁንም እጃቸው በሚደርስበት ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ የፈሰሰውን መወልወል የሥራው ክፍል እንጂ ቅጣት እንዳይሆን።

ትናንት ራሱ የለበሰ ልጅ ዛሬ ደክሞት ወይም አሞት «አልብሱኝ» ቢል ያለ ነቀፋ እናልብሰው፤ የለመደውን አይረሳም።